የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ

ከውጭ አገር ለሠርግ ወይም ለለቅሶ የሚመጡ ዘመዶቻችን ቡና ላይ ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ የመኪና ማስጠገኛ ሒሳብ ነው። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ የሚኖር ሰው የፍሬን ሸራ ለማስቀየር ስንት መቶ ዶላር እንደተጠየቀ ሲናገር፣ ሰሚው ዶላሩን በብር አባዝቶ ራሱን ይይዛል። «እዚህ ቢሆን እኮ በትንሽ ብር ያልቅልህ ነበር!» ይባላል። ከዚያ ወግ ሁለት ድምዳሜ ይዘን እንነሣለን፤ አንዱ የውጭ አገር ጋራዥ ሰው ይዘርፋል የሚል ነው፣ ሌላው የእኛ ጋራዥ ርካሽ ነው የሚል። እኔ ዛሬ የማስረዳው ሁለቱም እንደማያስኬዱ ነው። በከፋዩ ገቢ ሲመዘን መኪና ማስጠገን ከአሜሪካ ይልቅ ደሴ ላይ ውድ ነው፤ ያስወደደው ግን የመካኒኩ እጅ አይደለም። ሒሳቡ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑም በቁጥሩ ትልቅነት አይታወቅም። የሚታወቀው ከፋዩ ለምን እንደሚከፍል አስቀድሞ ማወቁን፣ ሥራው ሲበላሽ የሚጠይቀው ሰው ማግኘቱን፣ ሠሪውም የድካሙን ዋጋ ማግኘቱን በማየት ነው።

ዶላርን በብር አባዝቶ ማወዳደር የሚያሳስተው የከፋዩን ገቢ ስለሚረሳ ነው። ሰው ለጥገና ሲከፍል ዞሮ ዞሮ የሚያወጣው የሥራ ሰዓቱን ነውና በሰዓት እንመዝን። በዋሽንግተን ዲሲ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው። በእኛ በኩል ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ በዲግሪ ተመርቆ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዙ በወር 11,500 ብር ሆኗል፤ በሳምንት 39 ሰዓት ሲሠራ ሰዓቱ ወደ 68 ብር ይመጣል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ የማወዳድረው የእነርሱን ዝቅተኛ ተከፋይ ከእኛ ምሩቅ ጋር ነው። ለስሌት ያህል አንድ ራዲያተር እንውሰድ፤ አሜሪካ 100 ዶላር ይሸጣል እንበል፣ ለመፍታትና ለመግጠም ደግሞ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የዲሲው ሠራተኛ ራዲያተሩን ለመግዛት ስድስት ሰዓት የማይሞላ መሥራት ይበቃዋል። ያው ራዲያተር ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመርበት፣ ዶላሩ በ150 ብር ቢመነዘር፣ እዚህ 15,000 ብር ነው፤ የአንድ ምሩቅ የ220 ሰዓት ድካም፣ ከወር ደመወዙ የሚበልጥ። አሁን ወደ እጅ ዋጋው እንምጣ። የአሜሪካው ጋራዥ በሰዓት 150 ዶላር ቢያስከፍል ሦስቱ ሰዓት 450 ዶላር፣ ማለትም የዲሲው ሠራተኛ የ25 ሰዓት ሥራ ይሆናል። የእኛ ጋራዥ ለአንድ ሰዓት የምሩቁን ሦስት እጥፍ ቢጠይቅ እንኳ ሦስቱ ሰዓት 612 ብር፣ የምሩቁ የ9 ሰዓት ሥራ ነው። ሁለቱን ስንደምር እዚያ ወደ 31 ሰዓት፣ እዚህ ወደ 229 ሰዓት ይወጣል። የእጁ ዋጋ እኛ ዘንድ በእርግጥ ቀላል ነው፤ የዕቃው ክብደት ግን ያን ቅለት ውጦ ከሰባት እጥፍ በላይ ያስወድደዋል።

መኪና ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ስንት ነው የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። መምህሩና ነርሷ መኪና ባይኖራቸውም በሚኒባስና በባጃጅ ይሄዳሉ፤ የአባዱላው የፍሪሲዮን ቅያሪ፣ የባጃጁ ጎማ፣ እህል የሚያመላልሰው አይሱዙ የባሌስትራ ስብራት ሁሉ በታሪፍና በኩንታል ዋጋ ላይ ተከፋፍሎ ይመለስባቸዋል። ደሴ አጠገብ ካለችው ገራዶ ለገበያ ወደ ከተማ የሚወጣ ገበሬም የመለዋወጫ ዋጋ የሚከፍለው ስሙን ሳይሰማ ነው።

ዕቃው ለምን እንዲህ ከበደ? ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ። መለዋወጫው ሁሉ ማለት ይቻላል ከውጭ ስለሚገባ ጭማሪው በቀጥታ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ከዚያ ጉምሩክ አለ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ ከአስመጪው እስከ ቸርቻሪው የየእጁ ትርፍ አለ። ኮምቦልቻ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል በሚመጣው መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሆኖም አስመጪዎቹ በብዛት አዲስ አበባ ስለሆኑ የደሴ ነጋዴ ዕቃውን ከዚያ ገዝቶ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መልሶ ያስጭናል። አዲሱ ዕቃ ከአቅም ሲያልፍ ሰዉ የአሮጌ መኪና ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ይወርዳል፤ እዚያም ዋጋው የሚወሰነው በድርድርና በችግሩ ክብደት ነው። ይህን ሁሉ መካኒኩ አልፈጠረውም። ባለመኪናው ግን ገንዘቡን ሲቆጥር ፊት ለፊቱ የሚያየው መካኒኩን ስለሆነ ቅሬታው ሁሉ እርሱ ላይ ያርፋል፤ የምንከራከረውም በእጅ ዋጋው ላይ ነው። ለ15,000 ብር ዕቃ ዝም ብለን ከፍለን በ600 ብር እጅ ላይ ግማሽ ቀን እንጨቃጨቃለን። በሒሳቡ ውስጥ ከሁሉ ያነሰውንና ከሁሉ በላይ ሕይወታችን የተንጠለጠለበትን ክፍል ነው የምንቀንሰው።

አሁን ወደ ውጭው ጋራዥ እንሂድ። 150 ዶላር የተከፈለበት አንድ ሰዓት ሙሉው ወደ መካኒኩ ኪስ አይገባም። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳስቀመጠው በ2023 እ.ኤ.አ. የመኪና ጥገና ባለሙያዎች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 47,770 ዶላር፣ በሰዓት 23 ዶላር ገደማ ነበር። ከ150ው ላይ ይህ አንድ ስድስተኛ አይሞላም። ቀሪው የቦታ ኪራይ ነው፣ ጋራዡ ውስጥ የቆመ መኪና ቢጎዳ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ነው፣ የመመርመሪያ መሣሪያና በየዓመቱ የሚታደስ የሶፍትዌር ክፍያ ነው፣ የተቃጠለ ዘይት በሕግ መሠረት የማስወገጃ ወጪ ነው፣ ደንበኛ ተቀባዩና ሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ ነው፣ ግብር ነው፣ ትርፍም ነው። ሌላው ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር ደግሞ ብዙ ጋራዦች የሚያስከፍሉት መካኒኩ በእርግጥ የፈጀውን ሰዓት አለመሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ በመጽሐፍ የተቀመጠ ሰዓት አለ፤ ሦስት ሰዓት የተባለውን ሥራ ጎበዙ በሁለት ሰዓት ቢጨርስም ደንበኛው ሦስት ይከፍላል፣ ዳተኛው አምስት ቢፈጅበትም ደንበኛው ያው ሦስት ይከፍላል። ይህ አሠራር መካኒኩን ያስቸኩላል ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም እውነት አለው። ለከፋዩ ግን መኪናው ሳይፈታ የሥራውን ዋጋ የማወቅ ዕድል ይሰጠዋል። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ሐበሻ መካኒክ ፈልገው የሚሄዱት ከመኪና አከፋፋዩ ጋራዥ ባነሰ ዋጋ ስለሚሠራላቸው ነው፤ ይህም ከትልቁ ሒሳብ የተወሰነው ክፍል የስምና የአዳራሽ ዋጋ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ የውጭው ሒሳብ ሁሉ ትክክል ነው አልልም። የምለው አብዛኛው ክፍሉ ተዘርዝሮ ሊታይ፣ ሊጠየቅና ከሌላ ጋራዥ ጋር ሊወዳደር ይችላል ነው።

የዚያ አገር ጋራዥ አያታልልም ማለቴም አይደለም። በካሊፎርኒያ የመኪና ጥገና ሕግ የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ሕግ ጋራዡ ሥራ ሳይጀምር የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ከግምቱ በላይ ለማስከፈል የደንበኛውን ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ደንበኛው ካዘዘ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መመለስም አለበት። ይህን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤትም ተቋቁሟል። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ስለ ሲርስ ጋራዦች የሚቀርበው አቤቱታ እየበዛ መጣ። ሲርስ በመላው አሜሪካ የታወቀ፣ ቤተሰብ ሁሉ የሚያምነው የንግድ ድርጅት ነበር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን እንደ ተራ ደንበኛ አድርጎ፣ ፍሬናቸው ያለቀ ሌላው ሁሉ ግን ደኅና የሆነ መኪናዎች እያስያዘ ላካቸው። ከ38 ጉብኝት በ34ቱ የማያስፈልግ ሥራ ተሠርቶ ሒሳብ ተጠየቀበት፤ በሰኔ 1992 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ ለሕዝብ ይፋ ወጣ። ምክንያቱ ሲፈተሽ የመካኒኮቹ ክፉ ልብ ብቻ ሆኖ አልተገኘም። ድርጅቱ ደንበኛ ተቀባዮቹን በሸጡት ልክ ኮሚሽን ይከፍላቸው፣ በየፈረቃው ይህን ያህል ፍሬን፣ ይህን ያህል ሞላ ሽጡ እያለ ኮታ ይሰጣቸው ነበር። ነገሩ ከተጋለጠ በኋላ ድርጅቱ ኮሚሽኑንና ኮታውን አነሣ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገባኛል። የጽሑፍ ግምትና ደረሰኝ ብቻውን ሰውን ሐቀኛ አያደርግም፤ ሲርስም ደረሰኝ ይቆርጥ ነበር። ዳሩ ግን ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ ተቆጣጣሪው የሚያነጻጽረው ማስረጃ አይኖረውም ነበር፤ ማታለሉ የተጋለጠው መጀመሪያ የተባለውና በኋላ የተሠራው ሁለቱም ወረቀት ላይ ስለነበሩ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ የሚጎድለን ይህ ወረቀት ነው፤ ጉድለቱም የሚጀምረው ከምርመራው ላይ ነው። ውጭ አገር ብልሽቱን ለማወቅ ብቻ ክፍያ ይጠየቃል፤ ዘመዶቻችን በጣም የሚናደዱበትም እርሱ ነው፣ «ሳይሠራልኝ ለማየቱ ብቻ አስከፈለኝ» ይላሉ። እኛ ዘንድ ማየት ነጻ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ድምፁን ሰምቶ፣ ካንዴላውን ነቅሎ አይቶ ይናገራል፤ ለዚህ ዕውቀቱ የሚከፍለው የለም። ባለሙያ ለማወቁ ካልተከፈለው ሊከፈለው የሚችለው ለመፍታቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መፍታት ይበዛል። «ይህን ቀይረን እንየው» ይባላል፣ ይቀየራል፣ ችግሩ አይጠፋም፤ ቀጥሎ ሌላው ይቀየራል። ሦስተኛው ላይ መኪናው ሲስተካከል ባለቤቱ ተመስገን ብሎ ይሄዳል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዕቃዎች በከንቱ እንደገዛ ቢያውቅም የሚጠይቀው የለም። የምርመራውን ዋጋ በእርግጥ ከፍሏል፤ የከፈለው ግን ለዕቃ ሻጩ ነው። አንድ ዕቃ የምሩቅን የወር ደመወዝ በሚበላበት አገር በነጻ የሚሰጥ የተሳሳተ ምርመራ ከማንኛውም የዶላር ሒሳብ ይከብዳል።

የዕቃ አገዛዛችንም እንዲሁ ነው። በብዙ ጋራዦቻችን መካኒኩ የሚያስፈልገውን በብጫቂ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ ባለመኪናው ሄዶ ይገዛል። ልማዱ የመጣው ካለመተማመን ነው፤ መካኒኩ ራሱ ቢገዛ ዋጋ ይጨምርብኛል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ መሠረት ቢኖረውም መፍትሔው ሌላ ችግር ወልዷል። ባለመኪናው ኦሪጅናሉን ከፎርጅዱ፣ የጃፓኑን ከተመሳሳዩ መለየት አይችልም፤ ስለዚህ ወይ መካኒኩን ይዞ ይሄዳል ወይ እርሱ የጠቆመው ሱቅ ይገባል፣ ኮሚሽኑም ከሱቁ በኩል ይከፈላል። የሚፈራው ጭማሪ አልቀረለትም፤ መንገዱን ብቻ ቀየረ። ከዚህ የባሰው ኃላፊነቱ መከፋፈሉ ነው። የተገጠመው ኩሽኔታ በወሩ ሲጮህ መካኒኩ «ዕቃው ነው» ይላል፤ ሱቁ «አገጣጠሙ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፣ ከሳሪው ግን አንድ ነው። ውጭ አገር ዕቃውንም እጁንም ያቀረበው አንድ ጋራዥ ስለሆነ ለሁለቱም ዋስትና ይሰጣል፤ ዕቃው ላይ የሚጨምረው ትርፍም ከፊሉ የዚህ ዋስትና ዋጋ ነው። ሕግ አጥተን አይደለም እንዲህ የሆንነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አዋጁ ግን ወረቀት ይፈልጋል፤ ምን እንደታዘዘ፣ ምን እንደተገጠመ፣ ስንት እንደተከፈለ ያልተጻፈበትን ሥራ ይዞ ወደ የትኛው ጽሕፈት ቤት ይኬዳል?

ሌላም ልዩነት አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነሣም እንጂ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም። አሜሪካ የሚኖር ሰው የጥገናው ሒሳብ ወደ መኪናው ዋጋ ሲጠጋ «ተወው፣ አልሠራውም» ማለት ይችላል። አሮጌ መኪና በጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛል፤ ኢንሹራንሶችም ጥገናው ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥ ሲሆን መኪናውን ጥለው ዋጋውን ይከፍላሉ። ይህ ትቶ የመሄድ መብት ጋራዡን ይገራዋል። እኛ ዘንድ መኪና አይጣልም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ ዘጋው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። አገር ውስጥ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ዋጋቸው የሚጨምር ንብረት ሆኑ። እንዲህ ያለ ንብረት የያዘ ሰው ጋራዥ ሲገባ የተጠየቀውን ከመክፈል በቀር ምርጫ የለውም፤ ሞተሩ ሲወርድ ቴስታታው ይታረሳል፣ ፋሻው ይቀየራል፣ ኮሎው ቶርኖ ቤት ይላካል፣ የፈጀውን ይፍጅ ይባላል። እምቢ ማለት የማይችል ደንበኛ የሚከፍለው ዋጋ ትንሽም ቢሆን ትክክለኛ ዋጋ መሆኑን ማረጋገጥ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ከወሎ ብዙ ልጆች የሄዱበትን የዓረብ አገር ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም፤ ለክርክሬ ትልቁ ፈተና እርሱ ነውና። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የጋራ የ5 በመቶ ቀረጥ አላቸው፤ የሳዑዲ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደ እኛው 15 በመቶ ነው። መለዋወጫው ርካሽ ነው፤ በኢንዱስትሪ ሰፈሮቹ የሚሠራው መካኒክም በአብዛኛው ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ የመጣ ስለሆነ የእጁም ዋጋ ርካሽ ነው። ዕቃውም እጁም የረከሰበት አገር አለ ማለት ነው፤ እንግዲህ ፍትሐዊው ጋራዥ የሳዑዲውና የዱባዩ ነው እንበል? ያ እጅ የረከሰው የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ለረጅም ጊዜ ከአሠሪው ጋር ታስሮ ስለኖረ፣ የተሻለ የሚከፍለውን እንደ ልቡ መርጦ መሄድ ስላልቻለ ነው። ቤተሰቦቻችን በዚያው ሥርዓት ስር በሰው ቤት የሚሠሩ ሴት ልጆቻቸውን ችግር ያውቃሉ፤ የቤት ሠራተኛዋ ጉልበት በዚያ መንገድ መርከሱ ፍትሕ ካልሆነ የመካኒኩም መርከስ ፍትሕ ሊሆን አይችልም። ይህን ካመንን ደግሞ ዓይናችንን ወደ ራሳችን ጋራዥ መመለስ ግድ ይለናል። መኪና ስር በጀርባው የተኛው ረዳት ልጅ ስንት ይከፈለዋል? «እየተማረ ነው» ተብሎ በምሳና በኪስ ገንዘብ ስንት ዓመት ይሠራል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፣ ከ18 በታች ያለውንም ከአደገኛ ሥራ ይጠብቃል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እስካሁን በሥራ ላይ አልዋለም። የምንኮራበት የእጅ ዋጋ ርካሽነት የተወሰነው ክፍል ከዚህ ልጅ ላይ የሚቀነስ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቀኛል። መካኒኮቻችን ውጭ አገር የሚጣለውን አድሰው ያስነሣሉ፤ ራዲያተር ይበይዳሉ፣ ሞተሪኖ ጠምጥመው ይመልሳሉ፣ ዲናሞ ያድሳሉ፤ የውጭው መካኒክ ቀያሪ እንጂ ጠጋኝ አይደለም ይባላል። ችሎታቸውን እኔም አከብራለሁ፤ ለክርክሬም ምስክር ነው። እጅ ርካሽ ዕቃ ውድ በሆነበት አገር ሦስት ሰዓት ለፍቶ አሮጌውን ማዳን ያዋጣል፤ እጅ ውድ ዕቃ ርካሽ በሆነበት አገር አዲሱን ገጥሞ መሸኘት ያዋጣል። ሁለቱም መካኒኮች ባሉበት ዋጋ ውስጥ ትክክለኛውን ያደርጋሉ። ልዩነቱ የሚከፋው ሊታደስ የማይገባው ነገር ሲታደስ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወረድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ እዚያ ላይ የታደሰ የፍሬን ሸራና ያልተመረመረ የፍሬን ቱቦ የያዘ ሚኒባስ የሚያተርፈው ገንዘብ ከተሳፋሪው ነፍስ ላይ የተወሰደ ዋስትና የሌለው ብድር ነው። ራዲያተር ቢከዳ ሰው መንገድ ዳር ይቆማል፤ ፍሬን ቢከዳ የሚቆምበት የለም። ስለዚህ የእድሳት ጥበባችን ራሱ የትኛው ዕቃ ይታደሳል፣ የትኛው አይነካም የሚል የተጻፈ ወሰን ይፈልጋል።

ወረቀት፣ ዋስትናና የምርመራ ክፍያ ካመጣን ዋጋው ይንራል፣ ድሃው ባለባጃጅም አይችልም የሚለው ሌላው ተቃውሞ ነው። የእጅ ዋጋው እንደሚጨምር አልክድም። ግን ቀድመን የሠራነውን ስሌት አስታውሱ፤ ከ229ኙ ሰዓት ውስጥ የእጁ ድርሻ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የእጁ ዋጋ በእጥፍ ቢያድግ ዘጠኝ ሰዓት ይጨምራል፤ በተሻለ ምርመራ አንድ ያለአግባብ የሚገዛ ዕቃ ቢቀር ግን 220 ሰዓት ይተርፋል። ለመካኒኩ ጨምሮ መክፈል ለድሃው የሚያዋጣ ቁጠባ ነው። አሠራሩም ከባድ አይደለም። ጋራዡ በሁለት ቅጂ የሥራ ትእዛዝ ይጻፍ፤ ለምርመራ የተወሰነ ክፍያ ይጠይቅና ሥራው እዚያው ከተሠራ ከሒሳቡ ይቀንስ፤ የወጣው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ ለተገጠመው ቢያንስ የአንድ ወር ኃላፊነት ይወሰድ። የደሴና የኮምቦልቻ ጋራዦች በማኅበር ተስማምተው ቢጀምሩት የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚቆጣጠረው ነገር ያገኛል፤ ሐቀኛው መካኒክም ከአታላዩ የሚለይበት ማስረጃ ይኖረዋል። ዛሬ ሁለቱ በባለመኪናው ዓይን አንድ ናቸው፤ በዚህ የሚጎዳው ደግሞ ሐቀኛው ነው።

ጊዜው የማይጠብቀን አንድ ጉዳይ ግን አለ። የነዳጅ አውቶሞቢል መግባት ከተከለከለ ወዲህ መንገዶቻችን ላይ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ነው። እነዚህ መኪናዎች ድምፃቸው ተሰምቶ አይታወቁም፤ ብልሽታቸው የሚነበበው በአምራቹ ሶፍትዌር ነው፣ ሶፍትዌሩም ብዙ ጊዜ የተቆለፈ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የውጭውን ዓለም ሒሳብ ያለ ማመንታት ኢፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ አምራቾች መረጃውን ለራሳቸው አከፋፋይ ብቻ ይዘው ገለልተኛውን መካኒክ ሲያስወጡ ኖረዋል። የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 እ.ኤ.አ. በድምፁ ይህን የሚከለክል ሕግ አጽድቆ፣ አምራቾች የመመርመሪያ መረጃውን ለማንኛውም ጋራዥ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርቡ አስገድዷል። እኛ ይህን ክርክር ገና አልጀመርነውም፤ መኪናዎቹ ግን ገብተዋል። የባትሪ ብልሽት የገጠመው የደሴ ባለመኪና ተጎታች ተከራይቶ አዲስ አበባ ድረስ ቢሄድ፣ እዚያም መረጃው በአንድ አስመጪ እጅ ብቻ ያለ ቢሆን፣ እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ በእጥፍ ይብስበታል። መንግሥት ለአስመጪ ፈቃድ ሲሰጥ የመመርመሪያ መሣሪያውንና መረጃውን ለገለልተኛ ጋራዦች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርብ ግዴታ ሊያስገባበት ይገባል። ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ደሴ ላይ አለ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ ላይ አለ፤ ዛሬ በጋራዥ የሚሠሩት መካኒኮች ከሥራ ሰዓት ውጭ ገብተው የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥንቃቄና የባትሪ ምርመራ የሚማሩበትን አጭር ኮርስ ለመክፈት ከእነርሱ የቀረበ የለም። ኮርሱ ሲከፈት የመጀመሪያው ወንበር ሊሰጥ የሚገባው ያለ ደመወዝ ዓመታት ለቆጠረው ለዚያ ረዳት ልጅ ነው፤ የሥልጠናውን ወጪ ጋራዡ ግማሹን፣ ከተማው ግማሹን ቢችሉ ጋራዡ የምርመራ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ መጠየቅ ሲጀምር ድርሻው ይመለስለታል።